የደረቀው ግራሶ እና የፈትል ሠራተኛው ልጅ

እሁድ ጠዋት ነው፡፡ የአቃቂ አቧራ ገና አልተነሳም፡፡ ጠረጴዛዬ ላይ አሮጌ ጋዜጣ አንጥፌ፣ በላዩ ላይ ነጭ ፎጣ ደርቤ ተቀምጫለሁ፡፡ ፎጣው ለጌጥ አይደለም፡፡ ከፊቴ ያለው ሌንስ ውስጥ ያሉት ብሎኖች ከጤፍ ፍሬ ብዙም ስለማይበልጡ አንዱ ወለል ላይ ከወደቀ ፍለጋው ሳምንት ይፈጃል፡፡

ሌንሱ የአጎቴ ነው፡፡ አጎቴ በደርግ ዘመን ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት ተልኮ ሲመለስ ይዞት የመጣው አንድ ሻንጣ መጽሐፍና አንድ ፕራክቲካ ካሜራ ነበር፡፡ የቤታችን ክርስትና፣ ልደት፣ ሠርግና ተዝካር ሁሉ በዚያ ካሜራ ተነስቷል፡፡ እሱ ካረፈ በኋላ ካሜራው ቁም ሳጥን ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ተኛ፡፡ ባለፈው ክረምት አውጥቼ ሳየው አካሉ ደህና ነው፤ መስታወቱም ጭረት የለበትም፡፡ የፎከሱ ቀለበት ግን አልዞር አለ፡፡ በሁለት እጄ ታግዬ ትንሽ ሳነቃንቀው ሌንሱ ራሱ ከካሜራው ሊፈታ ደረሰ፡፡

የሌንሱ አፍ ዙሪያ ላይ “ካርል ዛይስ የና” ተብሎ ተጽፏል፤ ቀጥሎ “ቴሳር”፣ ከዚያ 2.8 እና 50 የሚሉ ቁጥሮች አሉ፡፡ ዛይስ የሰው ስም፣ የና የከተማ ስም፣ ቴሳር የሌንሱ ዓይነት ነው፡፡ ዛይስን ዛይስ ያደረገው ሰው ስም ግን ሌንሱ ላይ የትም የለም፡፡ ኤርንስት አቤ ይባላል፡፡ ልጆች ሳለን አጎቴ ይህን ስም ሲጠራ የአበበ ማቆላመጫ ይመስለን ነበር፡፡ አቃቂ ውስጥ አቤ የሚባል ጎረቤት የሌለው ማን አለ? ኋላ ላይ የሕይወት ታሪኩን ሳነብ ግን ሰውየው በሌላም በኩል የአቃቂ ሰው ሊሆን የሚችል ነበር፡፡ እስቲ ሌንሱን እየፈታሁ ስለ እሱ ላውጋችሁ፡፡

አቤ እ.ኤ.አ. ጥር 23 ቀን 1840 አይዘናህ በምትባል የቱሪንጊያ ከተማ ተወለደ፡፡ አባቱ በጥጥና ሱፍ ዘመን መባቻ ላይ እንደነበሩት ብዙ ሰዎች የመፍተያ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ በኋላም እኛ ካቦ የምንለውን ደረጃ አገኘ፡፡ ካቦ መሆኑ ግን ከመቆም አላዳነውም፡፡ በቀን 14፣ ሥራ ሲበረታም 16 ሰዓት ከማሽኑ አጠገብ ቆሞ ይውል ነበር፡፡ የምሳ ዕረፍት የሚባል ነገር የለም፡፡ አምስት ዓመት ሞልቶት እስከ ዘጠኝ ዓመቱ ድረስ ትንሹ ኤርንስት ከእህቱ ጋር እየተፈራረቁ ምሳ ያደርሱ ነበር፡፡ አባትየው ማሽኑን ተደግፎ፣ ወይም ሳጥን ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ዓይኑን ከክሩ ሳይነቅል በጥድፊያ ይበላና ባዶውን ዕቃ ለልጁ መልሶ ወደ ሥራው ይዞራል፡፡ አባቱ ረጅምና ጠንካራ ሰው ነበር፡፡ በ48 ዓመቱ ግን በአቋሙም በመልኩም ሽማግሌ ሆኖ ነበር፡፡ አቤ ይህን ሁሉ በእርጅናው፣ ፕሮፌሰርና የትልቅ ፋብሪካ መሪ ሆኖ፣ በሕዝብ ፊት ተናግሮታል፡፡

ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ትንሽ ቆየሁ፡፡ የእኔም አባት እዚሁ አቃቂ ከጥጥ ፋብሪካዎች በአንዱ የፈትል ክፍል ሠራተኛ ነበሩ፡፡ እኔም ምሳ ዕቃ አመላልሻለሁ፡፡ ልዩነቱ እኔ ከበሩ አላልፍም፤ ዘበኛው ተቀብሎኝ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፣ ማታ ባዶውን ይዘውት ይመጣሉ፡፡ ስለዚህ አባቴ ሲበሉ አይቼ አላውቅም፡፡ የማውቀው ሲመለሱ ነው፡፡ ፀጉራቸውና ቅንድባቸው ላይ የጥጥ ብናኝ አርፎ፣ የምንላቸውን ለመስማት ጆሯቸውን እያዘነበሉ፡፡ ፈረቃቸው የሌሊት የሆነ እንደሆነ ቀን ቤት ውስጥ በሹክሹክታ ነበር የምናወራው፤ ምንም እንኳ ብንጮህም ባይሰሙንም፡፡

ወደ ሌንሱ ልመለስ፡፡ ለማያውቅ አንባቢ ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ሌንስ ቅርብና ሩቁን አጥርቶ የሚያሳየው ከፊልሙ በመራቅና በመቅረብ ነው፡፡ በድሮ ሌንስ ይህን የሚሠሩት አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገቡ፣ ጥርስ የወጣላቸው የብረት ቀለበቶች ናቸው፤ እንደ ጠርሙስ ክዳን ማለት ይቻላል፡፡ የጠርሙስ ክዳን ጥርስ ግን መነሻው አንድ ነው፡፡ የሌንሱ ጥርስ ብዙ መነሻዎች ስላሉት በብዙ ቦታ ሊገባ ይችላል፤ ትክክለኛው መግቢያ ግን አንድ ብቻ ነው፡፡ በሌላው ከገባ ቀለበቱ ይዞራል፣ ሌንሱም ይወጣል ይገባል፣ ፎቶው ግን መቼም አይጠራም፡፡ ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ከመፍታት በፊት ምልክት ማድረግ ነው፡፡ ቀለበቶቹ የሚላቀቁበትን ቦታ ጠብቆ፣ ልክ ሲላቀቁ በሁለቱም ላይ በመርፌ ጫፍ መጫር፡፡ ይህን ያልሠራ ሰው የሚያጠፋው እሁድ አንድ ብቻ አይሆንም፡፡

መሣሪያው ብዙ አይደለም፡፡ የሰዓት ሠሪ ካቻቢቴ፣ ስቴኪኒ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ለላይተር የሚሸጠው ንፁህ ቤንዚን፣ ጥጥ፡፡ የፊቱን የስም ቀለበት ለማዞር ልኩ የሆነ ክብ ጎማ ይበቃል፡፡ የውስጦቹን ቀለበቶች ለመፍታት ግን ሁለት ጫፍ ያለው ቁልፍ ያስፈልጋል፡፡ በሱቅ ስላላገኘሁ ከሠፈራችን ቶርኖ ቤቶች ወደ አንዱ ሄድኩ፡፡ ጋሼ የምላቸው አዛውንት ባለሙያ አሮጌ ካሊበር ከመሳቢያ አውጥተው ጫፎቹን በሞላ አሾሉልኝና ገንዘብ አልቀበልም አሉ፡፡ ይልቅ ሌንሱን ወደ ብርሃን አንስተው ጥርሱን ለረጅም ጊዜ አዩት፡፡ ይህን የሠራው ሰው ልጄ፣ አልቸኮለም ብለው መለሱልኝ፡፡ አልቸኮለም ማለታቸው ከአቤ ታሪክ ጋር እንደሚገናኝ ያን ጊዜ አልነገርኳቸውም፡፡

የፋብሪካው ባለቤቶች የልጁን ጉብዝና አይተው ለትምህርቱ ድጋፍ ሰጡት፡፡ አቤ በ1857 የና ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ከዚያ ጎቲንገን ሄዶ በ1861 የዶክትሬት ዲግሪውን ያዘ፡፡ በ1863 ወደ የና ተመልሶ ዝቅተኛ እርከን ላይ ያለ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ፡፡ ካርል ዛይስ በሩን ያንኳኳው በ1866 ነው፡፡ ዛይስ በ1846 የከፈተው የማይክሮስኮፕ ወርክሾፕ ደህና ስም ነበረው፤ ሥራው ግን እንደ ወጥ ነበር፡፡ ባለሙያው መስታወቱን ይሞርዳል፣ ያያል፣ ካልጣመው በሌላ ይለውጣል፣ እንደገና ያያል፡፡ አንዱ ማይክሮስኮፕ ሲያምር ሌላው አይረባም፣ ለምን እንደሆነም የሚያውቅ የለም፡፡ ዛይስ ራሱ ዕደ ጥበበኛ ሆኖ ሳለ በቅምሻ የሚሠራ ነገር አንድ ቀን እንደሚቆም የገባው ሰው ነበር፡፡ የ26 ዓመቱን መምህር ሌንስ ሳይሞረድ በፊት በወረቀት ላይ በሒሳብ ማወቅ ይቻላል ወይ ሲል ጠየቀው፡፡

እዚህ ላይ የምወደው ክፍል አለ፡፡ አቤ ዓመታት ለፍቶ በሒሳብ ያወጣቸው የመጀመሪያዎቹ ሌንሶች በቅምሻ ከተሠሩት ያነሱ ሆኑ! የዛይስ ገንዘብ ወጣ፣ ሠራተኛው በመምህሩ ሳቀ ባይባልም ሳይገረም አልቀረም፡፡ ስህተቱ ብልህ ሰው የሚሳሳተው ዓይነት ነበር፡፡ አቤ ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን አጥብቦ ነበር፤ ጠባብ ጨረር የሚያዛባው ነገር ያነሰ ነውና፡፡ ምስሉ በርግጥ ፀዳ፤ ረቂቁ ዝርዝር ግን ጠፋ፡፡ አቤ ሒሳቡን አልካደም፣ ሠራተኛውንም አልወቀሰም፡፡ ዝርዝሩ የት እንደሄደ ፈለገ፡፡ ያገኘው መልስ ይህ ነው፤ ብርሃን ረቂቅ ነገር ሲመታ ወደ ጎን ይበታተናል፣ ዝርዝሩን ተሸክሞ የሚሄደውም ያ የተበታተነው ብርሃን ነው፡፡ ሌንሱ ካልሰበሰበው ዝርዝሩ የለም፡፡ በ1873 ባሳተመው ጽሑፍ በማንኛውም ማይክሮስኮፕ ሊታይ የሚችለው ትንሹ ነገር ከብርሃኑ ሞገድ ግማሽ አካባቢ በታች ሊሆን እንደማይችል አሳየ፡፡ ቀመሩ ዛሬም የና ውስጥ በመታሰቢያው ላይ ተቀርጾ ይገኛል፡፡ ከ1872 ጀምሮ የዛይስ ማይክሮስኮፖች በሙሉ በአቤ ሒሳብ የሚሠሩ ሆኑ፤ በ1870ዎቹ አጋማሽም ዛይስ ሸሪኩ አደረገው፡፡

ሒሳቡ ሲጠራ ደግሞ መስታወቱ ጎደለ፡፡ አቤ የሚፈልገውን ዓይነት መስታወት የሚያቀልጥ ሰው አልነበረም፡፡ ይህን ጉድለት ጽፎ አሳተመ፤ ጽሑፉን ያነበበ ኦቶ ሾት የሚባል የመስታወት ሠሪ ልጅ በ1879 የራሱን ሙከራ ላከለት፡፡ ሊቲየም የገባበት መስታወት ነበር፡፡ ሙከራው ራሱ ለሌንስ አልሆነም፤ ሰዎቹ ግን ተገናኙ፡፡ በ1884 የና ውስጥ የመስታወት ፋብሪካ አቋቋሙ፣ በ1886ም እስከዚያ ከታዩት ሁሉ የላቀ ቀለም የማያዛባ የማይክሮስኮፕ ሌንስ ወጣ፡፡ (በነገራችን ላይ እኔም ለዚህ ሌንስ የመረጥኩት ግራሶ የሊቲየም ነው፡፡ ዝምድናቸው በስም ብቻ ቢሆንም ደስ ይላል፡፡)

ሮበርት ኮክ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ በ1882 ለዓለም ሲያሳይ የተጠቀመው በዛይስ ማይክሮስኮፕና አቤ በፈለሰፈው ብርሃን ሰብሳቢ ነበር፡፡ ያ ብርሃን ሰብሳቢ ዛሬም በአቤ ስም እየተጠራ በየጤና ጣቢያችን ማይክሮስኮፕ ሆድ ውስጥ ተቀምጧል፡፡ ለአክታ ምርመራ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ከሰውየው ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው፡፡ አቤ ለማይክሮስኮፕ ፈጠራዎቹ ፓተንት ማውጣት አልፈለገም፡፡ የሳይንስ መሣሪያ የሁሉም ነው ብሎ ያምን ነበር፡፡ ለፎቶ ሌንሶች ግን ፋብሪካው ፓተንት አውጥቷል፤ ፓውል ሩዶልፍ በ1886 የአቤ ረዳት ሆኖ ገብቶ በ1902 ያስመዘገበው ቴሳር አራት መስታወቶች ብቻ ያሉት ቀላልና ጥርት ያለ ሌንስ ነው፡፡ አሁን ፎጣዬ ላይ የተበተነው የዚያ የልጅ ልጅ ነው፡፡

ከጥርሶቹ መሐል የወጣው ግራሶ ቡናማ ሆኗል፤ የደረቀ ማር ይመስላል፡፡ በስቴኪኒ እየፋቅሁ፣ ቤንዚን በነካ ጥጥ እያበስኩ ጥጡ እስኪነጣ ድረስ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፡፡ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፡፡ ቀለበቱ ሲጠነክር ከውጭ ዘይት ጠብ ያደርግበታል፡፡ ዘይቱ ለሳምንት ያላላውና ከዚያ ወደ ውስጥ ተጉዞ ብርሃን የሚመጥኑት ስስ የብረት ቅጠሎች ላይ ይደርሳል፤ ቅጠሎቹ ይጣበቃሉ፣ ሌንሱ ይሞታል፡፡ የመኪና ግራሶ የሚቀባም አይቻለሁ፡፡ ፀሐይ ሲነካው ዘይቱ ይለያል፣ መጨረሻው ያው ነው፡፡

ዛይስ በ1888 ሞተ፡፡ አቤ ሀብታም ሆኖ ነበር፤ በ1871 ያገባት የፕሮፌሰሩ ልጅ ኤልዘ ስኔልና ሁለት ሴት ልጆች ነበሩት፤ ፋብሪካውን ለልጆቹ ማውረስ የሚከለክለው ሕግ አልነበረም፡፡ በ1889 ግን አንድ ፋውንዴሽን አቋቋመ፡፡ በ1891 የራሱን የዛይስ ፋብሪካ ድርሻና በመስታወት ፋብሪካው ያለውን ለፋውንዴሽኑ አስረከበ፤ የዛይስ ልጅ ሮደሪክም ካሳ ተከፍሎት ከፋብሪካው ወጣ፡፡ አቤ ከባለቤትነት ወርዶ ደመወዝተኛ ሥራ አስኪያጅ ሆነ፡፡ ለፋውንዴሽኑ ያወጣለት ስም ደግሞ የራሱን አይደለም፤ የካርል ዛይስ ፋውንዴሽን ብሎ ነው የሰየመው፡፡ የእኔ ሌንስ ላይ አቤ የሚል የሌለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፡፡

በ1896 የወጣውን የፋውንዴሽኑን መተዳደሪያ ደንብ ለማንበብ የሰው ሀብት አስተዳደር ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፡፡ የበላይ ኃላፊዎች ዓመታዊ ክፍያ ከሠራተኛው አማካይ ዓመታዊ ገቢ አሥር እጥፍ እንዳይበልጥ ይከለክላል፡፡ ጡረታ፣ የሕመም ክፍያ፣ ክፍያ ያለው የዓመት ዕረፍት፣ ከትርፍ ድርሻ፣ ከሥራ ለሚሰናበት ሰው ካሳ ይሰጣል፡፡ ማንም ሰው በትውልዱ፣ በሃይማኖቱ ወይም በፖለቲካ አቋሙ ምክንያት እንዳይበደል ያዝዛል፡፡ ዋናው ነገር ግን አሰጣጡ ነው፡፡ ሌሎች የዘመኑ ደግ ባለፋብሪካዎችም ለሠራተኛቸው ቤት ሠርተው፣ በበዓል ስጦታ አድለው ያውቃሉ፡፡ አቤ ያንን አልወደደም፡፡ ሠራተኛው ጌታውን እንዲያመሰግን ሳይሆን ፍርድ ቤት ቆሞ ሊጠይቀው የሚችል መብት እንዲኖረው ፈለገ፡፡ በባለፋብሪካ ችሮታ የተማረ የሠራተኛ ልጅ ችሮታን እንዲህ መፍራቱ ለእኔ አይገርመኝም፡፡

በአንድ ነገር ግን ልተቸው እወዳለሁ፡፡ ለሠራተኛው ኮሚቴ የሰጠው የመደመጥ መብት እንጂ የመወሰን ሥልጣን አልነበረም፡፡ ፋብሪካው የሠራተኛው ሆነ ማለት ስህተት ነው፤ የማንም አልሆነም፡፡ ሶሻሊስቶቹም በዘመኑ ይህን አይተውበታል፡፡

የስምንት ሰዓቱን ጉዳይ ሆን ብዬ ያቆየሁት የእኔም ጉዳይ ስለሆነ ነው፡፡ ቃሊቲ በአንድ ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ እሠራለሁ፡፡ መብራት ሲጠፋ የባከነውን ለማካካስ በሚል የቀን ፈረቃ 12 ሰዓት ከሆነ ሰንብቷል፡፡ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ይላል፤ ሁላችንም እናውቀዋለን፡፡ ያልተጻፈው ግን ኃላፊዎቹ በስብሰባ የሚያነሱት ክርክር ነው፡፡ ሰዓት ከቀነሰ ምርት ይቀንሳል፡፡ ይህን ለማመን ሒሳብ የሚያስፈልግ አይመስልም፡፡ ባለፈው ወር ፈረቃው በቋሚነት እንዲህ ይቀጥል የሚለውን ሰነድ እንድፈርም ለእኔም ደረሰኝ፡፡

አቤም የገጠመው ይኸው ክርክር ነበር፡፡ እሱ ግን ሰዓቱን እንደ መስታወት አየው፤ ለካው፡፡ የዛይስ ሠራተኛ ከ1891 ጀምሮ በቀን 9 ሰዓት ይሠራ ነበር፡፡ በ9 ሰዓት የምትሠሩትን በ8 ሰዓት ልትሠሩ ትችላላችሁ ወይ ተብለው ተጠየቁ፤ አብዛኞቹ ተስማሙ፡፡ ከሚያዝያ 1900 ጀምሮም ሰዓቱ 8 ሆነ፡፡ አቤ በሠሩት ቁጥር ልክ የሚከፈላቸውን 233 ሠራተኞች መዝገብ ወስዶ ከለውጡ በፊት የነበረውን አንድ ዓመት ከኋላው ካለው ዓመት ጋር አስተያየ፡፡ ኪሳራ እንዳይኖር በሰዓት የሚሠሩት በ12.5 ከመቶ ማደግ ነበረበት፡፡ ያደገው በ16.2 ከመቶ ነው፡፡ ማለትም በ8 ሰዓት የተሠራው ቀድሞ በ9 ሰዓት ከሚሠራው ወደ 3 ከመቶ በለጠ፡፡ የሚያስቀው ደግሞ ሠራተኞቹ ራሳቸው አላወቁም፡፡ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተጣድፈው፣ ደክሟቸው፣ ወደ ድሮው አካሄድ ተመለስን ብለው ያስቡ ነበር፡፡ መዝገቡ ግን አልተመለሱም አለ፡፡

ምክንያቱን ሲያስረዳ የተጠቀመበት ምሳሌ ከማሽን የተወሰደ ነው፡፡ ማሽን ምንም ሳያመርት ባዶውን ሲዞርም ኃይል ይበላል፡፡ ሰውም እንዲሁ ነው፡፡ ሥራው ከሚያደክመው ሌላ፣ በጩኸቱ መሐል፣ በዚያው አቋቋም፣ ዓይንና ጆሮን ወጥሮ መቆም ብቻውን በየሰዓቱ የሚበላው ኃይል አለ፤ ያ ድካም አንድ ፍሬ ምርት አይወጣውም፡፡ ሰዓቱ ሲያጥር ይህ የባዶ ዙር ወጪ ይቀንሳል፣ የተረፈው ኃይል ወደ ሥራው ይገባል፡፡ አቤ ይህን በ1901 በሰጠው ንግግር ሲያብራራ ነው የአባቱን ምሳ ያነሳው፡፡ ቁጥሩና ትዝታው በአንድ ንግግር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ፡፡

ሠራተኛው በተረፈችው ሰዓት ምን ሠራ? በ1903 የዛይስ ሠራተኞች የእግር ኳስ ክለብ አቋቋሙ፡፡ ያ ክለብ ካርል ዛይስ የና ተብሎ በ1981 ለአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በዲናሞ ትብሊሲ 2 ለ 1 ተሸነፈ፡፡ አጎቴ ያን ጊዜ እዚያው አገር ተማሪ ነበር፤ የአቤን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁትም ስለ ፊዚክስ ሳይሆን በአቤ ስም ይጠራ ስለነበረው የክለቡ ስታዲየም ሲያወራ ነው፡፡ በዚያው 1903 አቤ የከፈተው የሕዝብ አዳራሽ ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ በፊት በ1896 ማንም ገብቶ ጋዜጣ የሚያነብበት ቤት ተከፍቶ ነበር፡፡

እሱ ግን ለራሱ ስምንት ሰዓት አልደነገገም፡፡ ቀን ፋብሪካ፣ ማታ ሒሳብ፣ ሌሊት ደንብ፡፡ እንቅልፍ አልቦ ሆነ፤ ጤናው ተሰበረ፡፡ በ1903 ከኃላፊነቱ ለቀቀ፤ ጥር 14 ቀን 1905 የና ውስጥ ሲሞት 65 ዓመት ሊሞላው ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር፡፡ የሌላውን ድካም በመቶኛ የለካ ሰው የራሱን አለመለካቱ ያናድደኛል፡፡

ከዚያ በኋላ የፋብሪካው ታሪክ ረጅም ነው፡፡ በ1945 አሜሪካኖች የና ሲደርሱ ዋና ዋና ባለሙያዎቹን ወደ ምዕራብ ወሰዱ፤ ተከትለው የመጡት ሶቪየቶች ደግሞ አብዛኛውን ማሽን ነቅለው ጫኑ፡፡ በ1948 የምሥራቁ ክፍል የመንግሥት ሆነ፡፡ ኢትዮጵያ ከምሥራቅ ጀርመን ጋር የተጣበቀችው በ1977 ነው፤ የብራዚል ቡና በውርጭ ተመትቶ ዋጋው ሰማይ ሲነካ፣ እነሱ ቡና እኛ የጦር መሣሪያና ሌላ ዕቃ እንድንለዋወጥ ስምምነት ተደረገ፡፡ ተማሪዎቻችንም ሄዱ፡፡ አጎቴ ያኔ ከሄዱት አንዱ ነበር፤ ሌንሱም በዚያው መንገድ አቃቂ ደረሰ፡፡

አሁን ጥርሶቹ ፀድተዋል፤ የብረቱ መልክ ከአርባ ዓመት በኋላ ታየ፡፡ ግራሶ ሲቀባ መቆጠብ ነው፡፡ በስቴኪኒ ጫፍ ጥቂት ነጠብጣብ ዙሪያውን አኑሮ ቀለበቱን ደጋግሞ በማዞር ራሱ እንዲዳረስ ማድረግ፡፡ ከጥርሱ ውጭ ተርፎ የታየው በሙሉ ይጠረጋል፡፡ ከዚያ በመርፌ የጫርኳቸውን ሁለት ምልክቶች ገጥሜ አስገባሁት፡፡ በሦስተኛው ሙከራ ነከሰ፡፡ ቀለበቱ በአንድ ጣት ዞረ፤ ሳይንሸራተት፣ ሳይንገታገት፡፡

ሰነዱን አልፈረምኩም፤ አልፈርምምም አላልኩም፡፡ ከመዝገብ ቤት ያለፉትን ስድስት ወራት የውድቅ ምርት ቅጾች ጠይቄ በየሰዓቱ እየቆጠርኩ ደብተር ላይ እያሰፈርኩ ነው፡፡ እስካሁን የጨረስኩት የሁለት ወሩን ነው፡፡ ከዘጠነኛው ሰዓት በኋላ ያለው ዓምድ እየረዘመ ሄዷል፤ የአራቱ ወር ስለሚቀረኝ ግን ለማንም አላሳየሁም፡፡ 233 ሰው የለኝም፤ 41 ነው፡፡

ከሰዓት በኋላ ካሜራውን ይዤ ጣሪያ ላይ ወጣሁ፡፡ የተገጠመ ሌንስ የሚፈተነው በጣም ሩቅ ባለ ነገር ነው፤ ቀለበቱ መጨረሻው ላይ ሲቆም ሩቁ መጥራት አለበት፡፡ በስተምሥራቅ የረር ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል፡፡ ቀለበቱን እስከ መጨረሻው አዞርኩት፡፡ የረር ትንሽ ደበዘዘ፡፡ በፀጉር ስፋት መልሼ ሳዞረው ጠራ፡፡ መቆሚያው በዚያች ስፋት አልፎ ተገጥሟል ማለት ነው፤ ሦስቱ ብሎኖች ላልተው እንደገና መስተካከል አለባቸው፡፡ ብርሃኑ እየሄደ ስለነበረ ለሚቀጥለው እሁድ አቆየሁት፡፡